«አሸክሚኝ»፦ ለሰፈራችን መናፈሻ የድንጋይ ቅርጽ ያሠራንበት መንገድ

በደሴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ሁለት ጠባብ መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ፣ ከዳር እስከ ዳር 25 እርምጃ የማትሞላ ባለ ሦስት ማዕዘን መሬት አለች። በእናቶቻችን ዘመን የሰፈሩ ሴቶች ውኃ የሚቀዱበት ምንጭ ነበረባት። ቧንቧ ከገባ በኋላ ምንጩ ተረሳ፤ ቦታውም የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ብዙ ዓመት ቆየ። በመጨረሻ የሰፈራችን ዕድር ከቀበሌው ፈቃድ ጠይቆ አጸዳው፣ ዙሪያውን ወይራና ጽድ ተከለበት፣ አግዳሚ ወንበሮች አስቀመጠበት፤ መናፈሻም ሆነ። በዚህች መናፈሻ ውስጥ አሁን አንድ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። እኔ ሐውልቱን ያሠራው ኮሚቴ ጸሐፊ ስለነበርኩ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ርክክቡ ቀን ያለው ቃለ ጉባኤ በእጄ ይገኛል። ከኮምቦልቻና ከወልድያ ሳይቀር ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች እንዴት እንዳሠራነው ስለጠየቁኝ ነገሩን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንኩ።

ይህ ሁለተኛው ሥራችን ነው። የመጀመሪያው በሲሚንቶ የተሠራና ቀለም የተቀባ ትልቅ ጀበና ነበር። መናፈሻው በተከፈተበት ዓመት ለምረቃው በዓል ይድረስ ተብሎ በሦስት ሳምንት ውስጥ ተሠራ። የጽሑፍ ውል አልነበረም፤ ንድፍም አልነበረም፤ ከሌላ ከተማ አደባባይ የተነሣ ፎቶግራፍ ለሠሪው አሳይተን «እንዲህ ያለ ሥራልን» ብቻ አልነው። በሁለተኛው ክረምት እጀታው ላይ ቡናማ መስመር ታየ፤ በሦስተኛው ክረምት እጀታው በሌሊት ወደቀ። ልጆች በሌሉበት ሰዓት ስለሆነ ፈጣሪን አመሰገንን፤ የቀረውንም አፍርሰን አነሣነው።

የሆነው ነገር ኋላ ሲገለጽልን ቀላል ነበር። በእጀታው ውስጥ ያለው ፌሮ ከላይኛው ገጽ የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አልራቀም ነበርና እርጥበት ደረሰበት። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በዙሪያው ያለውን ሲሚንቶ ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁ ደግሞ ተጨማሪ ውኃ ይገባል። ደጅ ለሚውል ሥራ ፌሮው ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር በሚደርስ ሲሚንቶ መሸፈን፣ ሥራውም ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውኃ እየጠጣ መቆየት ይገባው ነበር። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት በደሴ ደጋ ይህን የዘለለ ሥራ ረጅም ዕድሜ አይኖረውም።

ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን ሁሉ በሠሪው ላይ እንጥል ነበር። ያን ጊዜ የተያዘችውን አንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ መልሼ ሳነባት ግን የእኛ ጥፋት ከእርሱ ጥፋት እንደሚቀድም ተረዳሁ። ገንዘቡን ያዋጣው ሰፈሩ ነው፤ ያዘዙት ግን ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ለምን ጀበና እንደሆነም የሚጠቅስ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ የለም። ጀበናን ንቄ አይደለም፤ ወሎ ውስጥ ጎረቤትን ለቡና መጥራት ትልቅ ክብር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን በየከተማው አደባባይ ጀበና በቆመ ቁጥር የእኛ ጀበና ስለ እኛ ቦታ የሚናገረው ነገር እያነሰ ይሄዳል። ጥሩ ሠሪ ለማግኘት መጀመሪያ እኛ ጥሩ አሠሪ መሆን ነበረብን፤ የሁለተኛው ሥራ ድካማችን በሙሉ የተጀመረው ይህን ካመንን በኋላ ነው።

በሁለተኛው ዙር የተቋቋመው ኮሚቴ የመጀመሪያ ውሳኔ ስለ ቅርጹ ምንም ሳይወስን ሰፈሩን በሙሉ መስማት ነበር። አንድ ሽማግሌ በዚያ ስብሰባ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ጠቅሰው፣ ድኻና ሀብታም፣ እስላምና ክርስቲያን ሳይለይ ሁሉ የሚስተናገድበት ስለነበር በዚህ ስም መጠራቱን አስታወሱን፤ «መናፈሻችሁም አይጠየፍ ይሁን» አሉ። በዚህ መሠረት አርብ ከጁምዓ በኋላ አንድ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ፣ ሴቶች ቡና በሚጠጡበት ሰዓት ደግሞ ሌላ ስብሰባ አደረግን። ከሁሉ የጠቀመን ሦስተኛው ነበር።

ሐሳቡ ብዙ ነበር። አንዳንዱ አንበሳ፣ አንዳንዱ ርግብ፣ አንዳንዱ አርበኛ አለ። አዲስ አበባ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት እንዳለው የአፄ ምኒልክ ሐውልት በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሁን ያሉም ነበሩ። ያ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ የተመረቀ፣ ጣሊያን ነቅሎ የቀበረው፣ ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ ታላቅ ሥራ ነው፤ የቆመው ግን በሰፊ አደባባይ መካከል፣ ከሩቅ እንዲታይ በከፍተኛ መደብ ላይ ነው። ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሰጠን የስድስት ኪሎው የየካቲት 12 መታሰቢያ ነው። የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የነበሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች በሐውልቱ ዙሪያ በነሐስ የቀረጹት የሕዝቡ ስቃይ በሐውልቱ ጫፍ ሳይሆን በታችኛው ክፍል ላይ ስለሆነ ተመልካቹ ቀርቦ ከሰዎቹ ፊት ጋር ይገናኛል። በጠባብ መናፈሻ ውስጥ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቅርበት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ስለመጣ የሞቱት ልጆቻችን ስም ይጻፍበት የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር። ብዙዎቻችን ወዲያው ልንስማማበት ስንል ልጃቸውን ያጡ አንዲት እናት ተነሡ። «የልጄን ስም ልጆች ኳስ በሚመቱበት ግድግዳ ላይ አትጻፉብኝ፤ እኔ እርሱን የማስብበት ሌላ ቦታ አለኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም፤ ሐሳቡም በዚያው ተዘጋ። ልክ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። የሐዘን ቦታ ጸጥታ ይፈልጋል፤ የእኛ ቦታ ግን የጨዋታ ቦታ ነው።

የሰውና የእንስሳ ምስልን በተመለከተ የሰፈራችን ሼኽ በጨዋነት እንዲህ አሉ፦ «ነፍስ ያለውን ቀርጾ ማቆም በእኛ ዘንድ አይወደድም። ብታቆሙት አልጣላችሁም፤ ግን በአጠገቡ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ፤ ፊቴን ከሰፈሬ ማዞር ደግሞ አልፈልግም።» ከዚያም ወደ ቄሱ ዘወር ብለው «አባ፣ አንቱስ ምን ይላሉ?» አሏቸው። ቄሱም በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የሚከበረው ሥዕል እንጂ ዙሪያውን የሚዞሩት ምስል አለመሆኑን ተናገሩ። የላሊበላን ድንቅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ይቸገር ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያም ቢሆን በቤተ ጎልጎታ ያሉት በሰው ቁመት የተቀረጹ ቅዱሳን ከግድግዳው ጎልተው የወጡ እንጂ ከግድግዳው የተለዩ አይደሉም። ወሎ ውስጥ ሁለቱም እምነቶች በየራሳቸው ምክንያት ለቆመ ምስል ጥንቃቄ አላቸው፤ ይህን ሳይረዳ ሐውልት የሚያዝዝ ሰው የሰፈሩን ግማሽ ሳይሆን ሙሉውን ሊያስቀይም ይችላል።

አንዲት አሮጊት ደግሞ ቃሉን ራሱን ተቃወሙ። «ልጆቼ፣ ሐውልት የሚቆመው ለሞተ ነው፤ በመቃብር ላይ ነው። እዚህ ማን ሞቶ ነው?» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቃለ ጉባኤያችን ላይ «የድንጋይ ቅርጽ» ብለን ጻፍን። ቃሉ ሲለወጥ ሐሳቡም ተለወጠ፤ ማንን እናስታውስ የሚለው ጥያቄ ቀርቶ እዚህ ቦታ ምን ይደረግ ነበር ወደሚለው ገባን።

መልሱን ያገኘነው በሴቶቹ ስብሰባ ነው። ምንጩ አጠገብ እስከ ወገብ የሚደርስ ጠፍጣፋ ድንጋይ እንደነበረ፣ ሴቶቹ የሞላውን እንስራ በእርሱ ላይ አሳርፈው ጀርባቸውን ሰጥተው በገመድ ያዝሉት እንደነበረ እየተቀባበሉ ነገሩን። የሞላ እንስራ ከመሬት ተነሥቶ ብቻን አይታዘልም። ቀድማ የቀዳች ሴት ብትቸኩልም እንኳ ሌላዋን ሳታሸክም አትሄድም ነበር፤ «አሸክሚኝ» የተባለች ሴት እምቢ ማለት ነውር ነበር። የተጣሉ ጎረቤታሞች ሳይቀሩ በዚያች ቃል ይነጋገሩ ነበር። ይህን ሲነግሩን ከመካከላችን አንድም ሰው ሌላ ሐሳብ አላቀረበም። ሰው የሌለበት፣ በማረፊያው ድንጋይ ላይ የተቀመጠ፣ ገመዱ የተፈታ እንስራ፤ አሸካሚዋን የሚጠብቅ እንስራ እንዲሆን ተወሰነ።

ቀጥሎ መጠኑ ነበር። ከኮሚቴው አባላት አንዳንዶቹ ቁመቱ 5 ሜትር እንዲሆን ፈልገው ነበር፤ ትልቅ ነገር ካልሆነ ገንዘቡ የባከነ ይመስላቸዋልና። አንድን ቅርጽ ዐይን በአንድ ጊዜ ሙሉውን እንዲይዘው ተመልካቹ ቢያንስ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ርቀት ያስፈልገዋል። 5 ሜትር ለሚረዝም እንስራ 10 ሜትር መራቅ ሊኖርብን ነው፤ በእኛ መናፈሻ 10 ሜትር ወደ ኋላ የሄደ ሰው አስፋልት ላይ ይቆማል። ሆኖም በቃል ከመከራከር ይልቅ በሸንበቆና በጆንያ ሁለት እንስራዎች፣ አንዱን በ3 ሜትር፣ ሌላውን በ1 ሜትር ከ30 አሠርተን በየተራ ለአንድ ሳምንት በቦታው አቆምናቸው። ትልቁ የማዶውን ጠባብ መንገድ ከለለው፤ ማታ የሚያልፉ ሴቶች ከጀርባው ሰው ይቆምበታል ብለው ሠጉ። ትንሹ አጠገብ ግን ሰዎች ሄደው ይደገፉ ጀመር። ለዚህ የወጣው ወጪ ከጠቅላላው በጀት እጅግ ጥቂቱ ሲሆን፣ ከከባድ ስሕተት ያዳነን ግን እርሱ ነው።

ቀራጩን ለመምረጥ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል የሚለውን የተለመደ ጨረታ አልተከተልንም። ለአጥር ግንባታ ይጠቅም ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ግን ርካሹን እንጂ የሚሻለውን አያሳይም። ሦስት ቀራጮች ጋበዝን፤ አንደኛው ከአዲስ አበባው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀ፣ አንደኛው የመቃብር ድንጋይ በመቅረጽ የሚተዳደር፣ ሦስተኛው የላስታ ድንጋይ ጠራቢ ቤተሰብ ልጅ ነው። ለእያንዳንዳቸው የምንጩን ታሪክ ከሴቶቹ አንደበት አሰማናቸው፤ ቦታውን በጠዋትና በማታ ብርሃን አሳየናቸው፤ በሸክላ ወይም በጂፕሰም ትንሽ ሞዴል ሠርተው እንዲያቀርቡም ለሦስቱም እኩል ከፈልናቸው። ሰው ሐሳቡን በነጻ እንዲያቀርብ መጠየቅ ልማድ ሆኗል፤ ለግንበኛ ግን የሠራውን ግድግዳ ካልወደድኩት አልከፍልህም አንለውም። ሞዴሎቹ በዕድሩ አዳራሽ ለሁለት ሳምንት ተቀምጠው ነዋሪው አያቸው። የተመረጠው የላስታው ልጅ ሥራ ነው፤ እንስራውን ጥቂት አዘንብሎ፣ አሁን የምታነሣው ሰው የመጣች ያህል አስመስሎ ያቀረበ እርሱ ብቻ ነበር።

ውሉ ስድስት ገጽ ወሰደ። ክፍያውን በአራት ከፍለን ከሥራው ደረጃ ጋር አያያዝነው፦ ውል ሲፈረም፣ ድንጋዩ ተመርጦ ቦታው ሲደርስ፣ ቅርጹ በጥቅሉ ሲወጣ፣ የመጨረሻው ደግሞ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ። ስለ ማጓጓዣው ኃላፊነት፣ በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት፣ ስለ መሠረቱ ወጪ ለየብቻ ጻፍን። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስና ሥራው ተበላሽቶ ወይም ተዛብቶ እንዳይቀርብ የመቃወም መብት ስለሚሰጠው፣ ወደፊት ቀለም መቀባት ወይም ማዛወር ቢያስፈልግ አስቀድመን እንድናማክረው ተስማማን። ማዛወር የሚለው ቃል ለአንዳንዶች ክፉ ምኞት መስሎ ነበር። ነገር ግን መንበራቸው በወሎ የነበረው የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ የአዲስ አበባ ሐውልት ለባቡር መሥመር ሥራ በ2005 ዓ.ም. ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ከተማ ይለወጣል፤ ስለዚህ ቅርጹ ሳይሰበር ሊነሣ በሚችልበት መንገድ እንዲተከል በውሉ ጻፍን።

ድንጋዩ የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ቀይ ድንጋይ ለመሮ የሚመች ለስላሳ ነው፤ ውኃ ግን ይጎዳዋል። ባዛልት እጅን ያደክማል፣ መሮ ይጨርሳል፣ የአልማዝ ጥርስ ያለው መቁረጫም ይፈልጋል፤ ዝናብን ግን ይችላል። ነሐስ ቢሆን ኖሮ ውድነቱ ብቻ ሳይሆን ሌባም ያሠጋን ነበር። የአንድ ሜትር ኩብ ባዛልት ክብደት ወደ 3 ቶን ስለሚጠጋ፣ ቅርጹ የወጣበት ጥሬ ድንጋይ ከ4 ቶን በላይ ነበርና ከመኪና ከወረደ በኋላ የመጨረሻዋን ጠባብ መንገድ በግንድ ላይ እያንከባለሉ ያስገቡት የሰፈሩ ወጣቶች ናቸው። ቀራጩ ሌላ ቦታ ጨርሶ ያምጣው ወይስ እዚሁ ይሥራው ተብለን ስንጠየቅ እዚሁ እንዲሆን መወሰናችን የማልጸጸትበት ውሳኔ ነው። አራት ወር ሙሉ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አቧራው እንዳይነሣ ውኃ እያርከፈከፈ ሲቀርጽ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ እናቶች ምሳ ሲያቀርቡለት፣ ሼኹ «በርታ ልጄ» እያሉት ሲያልፉ፣ ሥራው ገና ሳያልቅ የሰፈሩ ሆኗል።

መሠረቱ ላይ ብዙ ገንዘብ ወጣ፤ በምረቃ ቀን የማይታይ ወጪ ስለሆነ ነዋሪውን ማሳመን ከባድ ነበር። ደሴ ተዳፋት ላይ ያለች፣ የመሬት መንሸራተት ደጋግሞ የሚያስቸግራት ከተማ ናት፤ መሬቱን የሚያንሸራትተው ደግሞ በውስጡ የሚገባው ውኃ ነው። ከቅርጹ በላይ በኩል ውኃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ተቆፈረ፤ ከሥሩ ጠጠር ተሞላ፤ በላዩ መደብ ተሠራ። እንስራውንና ማረፊያውን የሚያያይዙት ካስማዎች የማይዝግ ብረት እንዲሆኑ ያደረግነው የጀበናውን እጀታ እያስታወስን ነው።

የእንስራው አፍ ለብቻው አንድ ስብሰባ ወስዷል። ቀራጩ አፉን በእውነተኛው እንስራ ልክ ክፍት ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ግን ከ9 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ክፍተት የልጅ ጭንቅላት አስገብቶ ሊይዝ ስለሚችል አደገኛ ነው፤ ክፍት ጉድጓድ ደግሞ የዝናብ ውኃ አቁሮ ትንኝ ይሰበስባል። መፍትሔውን ያገኘው ራሱ ነው። አፉን አራት ጣት ብቻ ጎድጓዳ አድርጎ፣ ውኃ ሞልቶ ሊፈስ የደረሰ ያህል የሚታይ ለስላሳ ገጽ ቀረጸበት፤ በጠርዙ በኩል የዝናቡ ውኃ የሚወርድባት ቀጭን መስመር አበጀ። ሲዘንብ ውኃው በገመዱ ላይ ይወርዳል። ገመዱ እያንዳንዱ ፈትሉ እስኪታይ የተቀረጸ ነው፤ በአንድ በኩል ሳስቷል፤ ሴቶቹ ገመዱ በትከሻ ላይ የሚበላው በዚያ በኩል መሆኑን ነግረውት ነበር።

በምረቃው ቀን የባለሥልጣን ስም ያለበት ትልቅ የእምነ በረድ ሰሌዳ ይለጠፍ ተብሎ ነበር፤ አልተለጠፈም። በማረፊያው ጎን የቀራጩ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና «አሸክሚኝ» የምትለው ቃል ብቻ ተቀርጸዋል።

የመጀመሪያው ክረምት ካለፈ በኋላ በመስከረም ከቀራጩ ጋር ሆነን መረመርነው። በሰሜን በኩል ትንሽ የድንጋይ ሽበት አብቅሏል፤ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ እንድናጥበው፣ ሳሙናም አሲድም እንዳናስነካው አዘዘን። ቦዩ ቅጠል ይዞ ነበር፤ ዕድሩ በየወሩ የሚያጸዳ ሰው መድቧል። መሠረቱ አልተንቀሳቀሰም፤ የመጨረሻውን ክፍያ በዚያው ቀን ፈጸምን። ከመሄዱ በፊት ግን የማረፊያውን ጠርዝ በእጁ ዳሰሰ። ከሰኞ ገበያ የሚመለሱ ሴቶች ዳገቱን ሲወጡ ሸክማቸውን በእርሱ ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፤ ሲነሡም ያገኙትን ሰው «አሸክሙኝ» ይላሉ፤ በዚህ ምክንያት እርሱ በመሮ ሻካራ አድርጎ የተወው ጠርዝ መለስለስ ጀምሯል። እንጠግነው ወይ ብዬ ስጠይቀው እንዳትነኩት አለኝ፤ ይህንንም በቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩት።